የሪያድ ቋጠሮ

ሪያድ በኬፕታውን ከተማ፣ «ጠረጴዛው» ከሚባለው ተራራ አናት ለመዝናናት የሚመጡ ሰዎችን በገመድ ገደል ማውረድ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሥራ ሌላ ሰው መጥበቁን ለማየት የወገብህን ቋጠሮ ስቦ፣ ሄልሜትህን መታ መታ ሳያደርግልህ አትወርድም። ባልደረባው ጃኮ ሥራውን ከተወ ወዲህ ግን ሪያድ ሁሉንም ካወረደ በኋላ የራሱን ቋጠሮ ራሱ ስቦ ይወርዳል።

ዛሬ የመጨረሻዋ ወራጅ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆም አሉ።

«ያንተንስ ማን ያየዋል፣ ልጄ?»

«ንፋሱ ያየዋል፣ እማማ። ይውረዱ አሁን።»

«ቀልደኛ። ና ወዲህ።»

ቋጠሮውን ሳቡለት፤ ሄልሜቱንም ሁለቴ መታ መታ አድርገው ወረዱ።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ የታክሲው ሹፌር ሄልሜቱን አይቶ «እዚህም ገደል አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ሪያድ ሂሳቡን ከፍሎ ወረደ። ቤቱ ገብቶ ራቱን ብቻውን ሲበላም ሄልሜቱን እንደደፋ ነበር።