ግማሹ የጠፋ ክብ

ባለቤቴ የተወለደበት አገር ደራ ውስጥ ነው፤ ከባሕር ዳር በጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታው ላይ ነው። ከቅጽሩ በር ቆመው ወደ ታች ሲያዩ የቤተሰቡ መሬት እስከ ረግረጉ ተዘርግቶ ይታያል። ከረግረጉ ቀጥሎ ደንገሉ፣ ከደንገሉ ማዶ ጣና።

መሬቱ ላይ አንድ ጉብታ አለ። ሣር ለብሷል፣ ከፍታው ከሰው ወገብ አይበልጥም። በውጭ በኩል ጉድባ ይከተለዋል፤ ክረምት ሲሆን ጉድባው ውሃ ይቋጥራል፣ እንቁራሪት ይጮህበታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቀስ እያሉ ይዞሩና የጤፍ ማሳው ጫፍ ሲደርሱ ይጠፋሉ። ሰው ሁሉ ተሻግሮት ያልፋል እንጂ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የታሪክ አስተማሪ የነበረው ባሌ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠይቅ ኖረ።

እሱ እንደሚለው ይህ የአንድ ትልቅ ክብ ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ማረሻ አጥፍቶታል። ከክቡ ውስጥ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሳይሠራ በፊት፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ያም ካልሆነ አንድ ንጉሥ ከነሠራዊቱ ክረምቱን የከረመበት ሰፈር ነው።

እኔ አልተቀበልሁትም። እኔም የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ ጉማሬ ማታ ማታ ከውሃ እየወጣ እህል ስለሚያጠፋ አባቶቻችን በማሳው ዳር ጉድባ ይቆፍራሉ፣ አፈሩን ወደ እህሉ በኩል ይቆልሉታል። የአማቶቼን ጉብታ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄ መጣ።

«ንጉሥህ አራት እግር አለው» አልሁት።

«የእናንተ ጉማሬ ደግሞ ሲከቡት ዝም ብሎ ይቆማል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በመጣን ቁጥር ይኸው ነበር ወጋችን። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና ከእኔ ጋር ነበሩ። ልጃቸው ጉድባው ውስጥ ወርዶ ሲንበረከክ ሲያዩት፣ ንጉሡ ምሳ ይደርስለታል፣ አንተ ግን ና ብላ እያሉ ይጠሩት ነበር። እሱ አይቆጣም። ክርክሩን የሚፈታው አንድ ነገር መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበርና። ጉድባው ሐይቁን ይዞ ቀጥ ብሎ ከሄደ እኔ ልክ ነኝ፤ ዞሮ ከገጠመ እሱ።

መሬት ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው የሚረዝመውን እብጠት እንዳይ፣ እርሻ ላይ አፈሩ በድንገት የሚጠቁርበትን ቦታ ልብ እንድል። አንዴ የተቆፈረ ጉድባ ቢደፈንም እንዳልተነካ መሬት አይሆንም ይል ነበር፤ አፈሩ ልል ነው፣ እርጥበት ያቆያል። ይህን ሁሉ እያወቀ የቀረውን ግማሽ አላገኘውም። እሱ በልጅነቱ ለትምህርት ከአገሩ ወጥቷል፤ ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን፤ ወደ አገሩ የምንሄደው ትምህርት ሲዘጋ ነሐሴ፣ ካልሆነም ለጥምቀት ነበር። ነሐሴ አገሩ ሁሉ አንድ አረንጓዴ ነው። ጥር ላይ ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተለቆ አቧራ ነው። እሱም ጉብታው ከሚጠፋበት ተነሥቶ በእግሩ እየዳሰሰ ይሄድና ትከሻውን ነቅንቆ ይመለሳል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ሞተ። እንደ ተናዘዘው ኮረብታው ላይ ከአባቱ አጠገብ ቀበርነው። በዚያ ማሳ ዳር ነው ያለፍነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ፊቴን ሸፍኜ ስለ ነበር ከፊቴ ከሚሄዱት ሰዎች ተረከዝ በቀር ያየሁት የለም።

ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር፣ ቤቴ ነበርሁ። ናፍቆት በትልልቁ ነገር ይመጣል ብዬ ነበር። ናፍቆቱ ግን መንገድ ዳር ቧንቧ ሲቀበር ይመጣል። የውሃ ሠራተኞች ሲቆፍሩ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ ጥቁሩ አፈር አልቆ ቀዩ የት እንደሚጀምር አያለሁ። ማታ የምነግረው ነገር አገኘሁ ብዬ ወደ ቤት መራመድ እጀምራለሁ። በሩን ስከፍት ትዝ ይለኛል።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ መሬቱን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሙ ደወለልኝ። ስለ ድግሱ ከተነጋገርን በኋላ ፈራ ተባ እያለ፣ ጉብታውን ደልድሎ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት እንዳሰበ ነገረኝ። ለቤት ቋሚ የሚሆነው ግንድ አንበሳሜ ገበያ በደኅና ዋጋ ይሄዳል። ቦታው የወንድሙ ድርሻ ስለ ሆነ ግን ያለ እኔ ቃል አይነካውም። ስመጣ እንነጋገራለን አልሁት። በልቤ ግን እሺ ብዬ ጨርሻለሁ። የጉማሬ ጉድባ ነው፤ ጉማሬውም ከዚያ ከራቀ ቆይቷል።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት ተደረገ፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ መበተን ጀመረ። እኔ ብቻዬን ልሁን ብዬ ወደ ኮረብታው ተመለስሁና በቅጽሩ በር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይ ወደ ሐይቁ አዘቅዝቃለች። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። በጥቅምት ከዚያ ቦታ ሆኜ ወደ ታች ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጉብታው ከሚያልቅበት አንድ አረንጓዴ መስመር ተነሥቷል።

መጀመሪያ ውሃ የፈሰሰበት መሰለኝ። በቢጫው ጤፍ መካከል ወርዱን ሳይለውጥ ወደ ሐይቁ ወረደ። ይኸውልህ የእኔ ጉማሬ አልሁ በሆዴ። ረግረጉ ጋ ሳይደርስ ግን ታጠፈ። ቀስ ብሎ ዞረ፣ ዳገቱን ይዞ ተመለሰ፣ ከአንድ ዋርካ በታች አለፈና ከጉብታው ሌላ ጫፍ ጋር ገጠመ። ከተደፈነው ጉድባ በላይ የበቀለው ጤፍ ነው፤ ሥሩ እርጥበት ስላገኘ ገና አልደረሰም። ሌላው ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ክቡን አሳየ።

ተሸነፍሁ። ከአጠገቤ ሆኖ «እህስ?» የሚለኝ ግን የለም። ባይሆን እግዜር ይህን አንድ ቀን ቢሰጠው አልሁ። ሳቁን ከሰማሁ በኋላ ይውሰደው።

ወንድሙ ሊፈልገኝ ወጥቶ መጣ። በእጄ አሳየሁት። እሱም መስመሩን በዓይኑ ሲከተል ቆየ። ሲያጭድ እዚህም እዚያም ያልደረሰ ጤፍ እየገጠመው እንደሚራገም ነገረኝ። ከማሳው ውስጥ ሆኖ ግን መዞሩ አይታይም፤ በዚህ ወራት ደግሞ እዚህ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ለማየት ጊዜ ያለው ገበሬ የለም።

«እትዬ፣ ጉማሬ ነው ስትይ አልነበር የኖርሽው?»

«ነበር።»

«አሁንስ?»

«ባሕር ዛፉን ሌላ ቦታ ትከለው» አልሁት።

 ሌላ ቦታ እንደሌለው አውቃለሁ፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ደርሰዋል። በመጨረሻ ወንዝ ዳር ባለው ድንጋያማ ጥግ ላይ እሞክራለሁ፣ ከያዘ ያዘ አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣

«እሱ እያለ አንድ ቀን እንኳ ልክ ነህ ብለሽው አታውቂም» አለኝ።

«አላልሁትም።»

ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። እኔ ሳቁ መሀል ላይ እንባዬ መጣ፣ እሱም ወደ ሌላ ተመለከተ። ቆይቶ ማን ቆፈረው ብሎ ጠየቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ነበረ ወይስ ንጉሥ? ባሌ ይህን የሚጠይቀው ሰው ቢያገኝ እራትም አይበላም ነበር። ልመልስለት ጀመርሁ፤ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል አልሁ፣ እሱ ይጀምር እንደ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። ክቡ ከተገኘ በኋላ ምን እንደሚከተል ነግሮኝ አያውቅም፤ ክቡን ማግኘት ላይ ነበርና የቆምነው።

ፀሐይ ሐይቁን ነክታ ጠለቀች። አረንጓዴውና ቢጫው ቀስ እያሉ አንድ ሆኑ። ወንድሙ እንግዶች ቤት ቀርተዋል፣ እንውረድ ብሎ ተነሣ።

«ትንሽ ቆይ» አልሁት። መልሶ ተቀመጠ።