የእናቴን ሳጥን የተሸከሙት ኮንግረስማን

እስካሁን እውነት አልመስል ብሎኛል። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ራንድል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ባሌ ከሺፍት እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነበር፣ ጓደኛዬ ሰናይት ከአሜሪካ ደወለች። "ጋሼ ሃንክ አረፉ" አለችኝ። "የትኛው ሃንክ?" አልኳት፣ ሌላ ሃንክ የማውቅ ይመስል።

ለማታውቋቸው፣ ካልጋሪ ከመምጣቴ በፊት በኖርኩባት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ የኮንግረስ ተወካይ ነበሩ። ወግ አጥባቂ፣ ያውም የለየላቸው። ኮንግረስ በጥቁር ፀጉር ገብተው በሽበት ነው የወጡት። ታክስ ሲነሳ ፊታቸው ይቀላል፤ መሣሪያዬን አትንኩ፣ ጸሎት ከትምህርት ቤት አታውጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ይሄንኑ ነው ያሉት። እኛ ሐበሾቹ ደግሞ ወደድናቸው። ጾም ሲገባ ያውቃሉ፣ በንግሥ ቀን ከኛ ጋር ይቆማሉ። ጋሼ ያልናቸው እኛው ነን። ምርጫ በመጣ ቁጥር የሰው በር እያንኳኳን ያስመረጥናቸውም እኛው ነን።

መድረክ ላይም ሆነ ሱቅ ውስጥ ብታገኟቸው፣ ከአፋቸው የማትጠፋ አንድ ነገር ነበረች። "ቤተሰብ ይቀድማል።"

እናቴ እዚያው እኔ ጋ ሆና ስትታመም ይህቺን አምኜ ኦፊሳቸው ሄድኩ። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት አዲስ አበባ ነው፣ ቪዛ ከልክለውታል። እናቱን በሕይወት እያለች እንዲያያት የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉለት ብዬ ለመንኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው በአማርኛ "አይዞሽ" አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው፣ አንድ ስደተኛ ሲገባ ዘመዱን ሁሉ እንደ ሰንሰለት ይጎትታል፣ ሰንሰለቱ ይበጠስ አሉ። ኮንግረስም ውስጥ ድምፃቸውን ለዚያው ሰጡ። ድጋፉን የጻፈ የለም።

ዳዊት አልመጣም። እናቴ በር በሩን እያየች ሞተች።

ታዲያ ለቅሶ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጋሼ ሃንክ። ጫማቸውን አውልቀው እንደኛ ሽማግሌዎች ዝም ብለው ተቀመጡ። የቀብሩ ዕለት ሳጥኑ ሊነሳ ሲል አንዱ እጀታ ያዥ አጣ። የወንድ ልጇ ቦታ ነው ብሎ ሁሉም ፈራ መሰለኝ። እሳቸው ኮታቸውን ለሰናይት አቀብለው ገብተው ያዙት። እያለቀሱ ነበር። የውሸት እንባ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ረግሜ እረሳቸው ነበር። ልጇን ያስቀሩባት እሳቸው፣ በልጇ ቦታ የቆሙላት እሳቸው። ዛሬ ፌስቡክ ላይ ሁሉም "ታላቅ ሰው፣ የሐበሻ ወዳጅ" እያለ ፎቶ ይለጥፋል። እስቲ ዳዊትን ጠይቁት።

እኔ ደውዬ ነገርኩት። "ቀብራቸው ላይ ግን ብሞት አልሄድም" አልኩት።

ከዚያ "የእማዬን ለቅሶ ደርሰው የለ እንዴ?" አለኝ። "የደረሱልሽን ሰው ለቅሶ ቀርተሽ ልትኖሪ ነው? እኔ ድንበሩን መሻገር አልችልም፣ አንቺ ትችያለሽ። ሂጂ እንጂ።"

ጮኽኩበት። እናትህን እንዳትቀብር ያደረጉህ እሳቸው አይደሉም ወይ አልኩት። "ናቸው" አለ። "ሂጂ።" ስልኩ ላይ ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ ለማን እንደሚያለቅስ አልጠየቅኩትም።

ጋሼ ሃንክ፣ እንግዲህ መጣሁ። መኪናዬን ነድቼ ድንበሩን እሻገራለሁ። የእናንተ ወግ ባይሆንም ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ባለቤትዎ አጠገብም እቀመጣለሁ። ሳጥንዎን ግን አልነካም። ልጆችዎ ሁሉም እዚያው ናቸው፣ ያዥ የሚያጣ እጀታ አይኖርም። የኛም ቤት እንዲሁ ቢሆን ምን ነበረበት?

ደህና ይሁኑ ጋሼ። እናቴን ካገኟት፣ ዳዊት ለምን እንደቀረ እርስዎ ይንገሯት።