ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታመመው ቴፕ

ባሌ በደርግ ጊዜ ጎንደር ፒያሳ ላይ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። የተዘጋ ራዲዮ ጆሮው ሥር ይዞ በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርገውና ሽፋኑን ሳይፈታ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይናገራል። ከድብ ባሕር አገር የመጣውን ራዲዮ ከአዲ አርቃዩ በያዘው አቧራ ይለየዋል። ሰው ላይ ሲሆን ግን እንዲህ ያለ ጉድ የለም። ሰላም ያለውን ሰው እጅ እጁን እያየ ነው የሚመልስለት። በሠርጋችን ሰሞን እናቴ አገላብጣ ስትስመው፣ «የራዲዮዎን ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል?» ብሎ ጠየቃት። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሂስ አቅርብ ሲባል ደግሞ ተነሥቶ «የድምፅ ማጉያው ሽቦ ላልቷል» አለና ቁጭ አለ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ፤ ሰብሳቢው ስቆ አለፈው።

ቤት ውስጥ ዝም ነው። ተፈጥሮው ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር፣ ጎረቤቴ እስክትነግረኝ ድረስ።

«ምነው አንች፣ ባልሽ አፍ አወጣ እኮ» አለችኝ ሽንኩርት እየላጠች። «አንዲት የወታደር ሚስት ከአዘዞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴፕ ይዛ ትመጣለች። ሲያወራላት ብታይው የራዲዮ ጣቢያ የከፈተ ነው የሚመስል።»

ሳቅሁ። ይሁንና በቀጣዩ ቅዳሜ ገበያ የምሄድ መስዬ ከሱቁ ማዶ ቆምሁ። ሴትዮዋ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ባሌ ቴፑ ላይ አቀርቅሮ ከንፈሩ ያለ ማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ደግሞም ሳቀ። እኔ የባሌን ጥርስ ያየሁት ጥርሱን ያመመው ጊዜ ብቻ ነበር።

እጁ ገብቶ ያልዳነ ዕቃ የለም። ታዲያ የእሷ ቴፕ ብቻ ምን ሆኖ ነው ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር የሚታመመው? ሳምንቱን ሙሉ ቅናት አንገበገበኝ። ሆን ብዬ ወጡ ላይ ጨው አበዛሁበት፤ ምንም ሳይል በላው፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ። ልብሴን ጠቅልዬ ደባርቅ እናቴ ዘንድ ልገባ ቆረጥሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ሁለቱን አንድ ላይ ላገኛቸው ፈለግሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሌ እንደወጣልኝ የቤታችንን ራዲዮ ጀርባ ፈትቼ እጄ የገባውን ሽቦ መነጨቅሁት። ተከናነብሁና ራዲዮውን ይዤ ሱቁ ሄድሁ። ሴትዮዋ ዱካዋ ላይ ናት። ራዲዮውን ፊቱ አስቀመጥሁለት። ቀና አላለም። ገልበጥ አደረገውና ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰው።

«ይህ የቤቴ ነው» አለ። «አርጅቶ አልተበጠሰም። በንዴት በእጅ የተነቀለ ነው።» ቀጥሎም «ሚስቴን ምን አስከፋት?» ሲል ጠየቀ። ዓይኑ ሽቦው ላይ ነው።

ሴትዮዋ ግን ዞራ አየችኝ።

«አንች ነሽ? ልብስ ስታጥቢ የምታንጎራጉሪው? ነጎድጓድ ሲሆን ብርድ ልብስ ውስጥ የምትደበቂው? ከደባርቅ ስትመጭ የለበስሽውን አረንጓዴ ሹራብ ሳይቀር ነግሮኛል።»

ከአፌ የወጣልኝ «ቴፕሽስ?» የሚል ብቻ ነበር።

«ቴፑማ ከዳነ ቆየ» አለች። «የእኔ ሰው ግንባር ነው፤ ድምጡን ከሰማሁ ከረምሁ። ወንድ ልጅ ሚስቱን እንዲህ አድርጎ ሲያነሳ መስማት ሸጋ ነው። ለዚያ ነው የምመጣ።»

ባሌ ጆሮው ቀልቶ፣ አንገቱን እንደደፋ፣ ሽቦውን መልሶ ያያይዛል።

አዘንሁላት። ቅናቴ በረደ እንዳትሉኝ ግን፤ ባሰበት። እስከዚያ ቀን ልትቀማኝ የመጣች ነበር የመሰለኝ፤ ለካ የእኔን ድርሻ ቀድማ ስትሰማው ኖራለች። ባሌ ከደባርቅ ስመጣ መንገድ ላይ ያየውን ሹራቤን እስከ ዛሬ ያስታውሳል፤ እኔ ይህን ከሌላ ሴት አፍ ሰማሁ። ማታ እቤት ሲገባ «ስለ ሹራቡ ለእኔም ንገረኝ» አልሁት። ግድግዳውን እያየ «ራት ደርሷል?» አለኝ።

ደባርቅ አልሄድሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ገብቼ ከሴትዮዋ ጎን ተቀመጥሁ። ባሌ መኖሬን ያውቃል፤ ቢሆንም የሰው ራዲዮ እየጎረጎረ «እሷ ደግሞ ትናንት» ብሎ ጀመረላት። «እሷ» የሚለው እኔን ነው። ሴትዮዋ እየሳቀች ክንዴን ነካ ስታደርገኝ እጄን ሰበሰብሁ። እንዲህ እያልሁ፣ ባሌ ስለ እኔ የሚለውን ለመስማት፣ ከማልወዳት ሴት ጎን እየተቀመጥሁ ከረምሁ።