መዛወሩን ያልሰሙ ቀዳዳዎች

ባለቤቴ ሥራዋ የሰርኪት ቦርድ መንደፍ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ "ኮምፒውተር ትጠግናለች" ብዬ እገላገል ነበር። ይህን ስትሰማ ትናደዳለች። "እኔ የምጠግነው አንተን ብቻ ነው፤ እሱም አልሆነልኝም" ትለኝ ነበር። ካረፈች ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በትክክል ለመንገር እሞክራለሁ።

በኤሌክትሪክ ዕቃ ሆድ ውስጥ ያለችውን አረንጓዴ ሰሌዳ ያላየ ሰው የለም። እሷ ላይ የተዘረጉት የመዳብ መስመሮች ከየት ተነሥተው በየት እንደሚያልፉ የሚወስን ሰው አለ። ባለቤቴ ያ ሰው ነበረች። ሰሌዳዋ ላይ ላዩን ስትታይ አንድ ትመስላለች እንጂ እንደ ፎቅ ቤት ድርብርብ ናት። መስመር ከላይኛው ፎቅ ወደ ታችኛው የሚወርደው ቪያ በሚሏት፣ ውስጧ በመዳብ በተለበጠ፣ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ነው። ባለቤቴ ቀዳዳ ታበዛለች። ባልደረቦቿ "እትዬ ወንፊት" ብለው ስም አወጡላት፤ እሷም ወደደችው። ነዳፊዎቹ በቦርዱ ማዕዘን ላይ ትንሽ ምልክት የመተው ልማድ አላቸውና የሷ ምልክት ክብ ወንፊት ሆነ።

ቀዳዳ የምታበዛበትን ምክንያት አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን አስረዳችኝ።

"የሄደው መብራት ሁሉ ይመለሳል። የሚመለሰው ግራውንድ በሚባለው ሰፊ መዳብ ላይ ነው። ፈጣን ከሆነ ደግሞ ከሄደበት መስመር ሥር ሥር ካልሆነ አይሆንለትም። እኔ በደረጃ ስወርድ አንተ አጠገቤ መውረጃ ብታጣ ምን ታደርጋለህ?"

"እጠብቅሻለሁ።"

"አትጠብቅም። ሰፈሩን ሁሉ ትዞራለህ፤ ስትዞርም የማንንም በር እያንኳኳህ ሰው ትረብሻለህ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መስመር መውረጃ አጠገብ የግራውንድ ቀዳዳ አደርጋለሁ።"

እኔ እጄ ላይ ሸሚዝ ይዤ ቆሜያለሁ።

"እጠፍ እንጂ" አለችኝ።

ለብዙ ዓመት የነደፈችው ግን ቻርጀር ነው። ቻርጀር ፍጥነት የለውም፤ ቀዳዳው የትም ቢሆን ግድ አይሰጠውም። አለቃዋ፣ በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ ቁጥብ ሰው፣ አንድ ቀን የካሜራ ቦርድ ሰጣት። ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ ወደ ሆድ ውስጥ አስገብተው በስክሪን የሚያዩበት ቀጭን ካሜራ ነው። "ይኼን ከተወጣሽው የካሜራው ሥራ ያንቺ ይሆናል" አላት። "ካልሆነ ለውጭ ቢሮ እሰጠዋለሁ፤ አንቺም ወደ ቻርጀርሽ።" የዚያን ዕለት ቤት ገብታ ራቷን የበላችው ቆማ ነው። ተቀመጪ ብላት ተቀምጣ እንደገና ተነሣች።

ቦርዱ ተሠርቶ መጥቶ፣ ዕቃዎቹ ተበይደውበት፣ ካሜራውን ያዘዘችው ሐኪም ከምሳ በኋላ መጥታ ልታየው በተቀጠረችበት ቀን ባለቤቴ መነጽሯን ቤት ረስታ ወጣች። ይዤላት ሄድኩ። መሥሪያ ቤታቸው ከፍራሽ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነው። ስገባ ሁሉም አንድ ስክሪን ከበው ቆመዋል። ሰላም ያለኝ የካሜራውን ሳጥን የሚሠራው ወፍራም ጎልማሳ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ በጥሩ ሰዓት አልመጡም" አለኝ።

ቦርዱ በግማሽ ፍጥነት ሲሠራ ሥዕሉ ጥርት ይላል። በሙሉ ፍጥነት ሲለቁት ግን እንደ ተቀደደ መጋረጃ ይተለተላል።

"በግማሹ እናሳያት" አለ አለቃ።

"ሐኪሟ መቀሷን ካንቀሳቀሰች በኋላ ሥዕሉ ዘግይቶ ቢደርስ ለታማሚው ምን ይፈይዳል?" አለች ባለቤቴ። መነጽሯን ከእጄ ተቀብላ አጠለቀች። አላመሰገነችኝም፤ ያየችኝም አይመስለኝም።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለመፈለግ ጣቷን ቦርዱ ላይ እዚህም እዚያም ታሳርፍ ጀመር። ኬብሉ የሚሰካበት ማገናኛ አጠገብ ስትደርስ በስክሪኑ ላይ ያለው ትልታይ ቀነሰ። ጣቷን አነሣች፣ ተመለሰ። አሳረፈች፣ ቀነሰ። ወደ ኮምፒውተሯ ሄዳ ንድፉን ከፈተች። ትንሽ ቆይታ መሳቅ ጀመረች። አለቃዋ ደነገጠ።

"እዚያው ቀርተዋል" አለች።

"እነማን?" አለ ሳጥን ሠሪው።

"የግራውንድ ቀዳዳዎቼ። ማገናኛውን ከግራ ወደ ቀኝ ውሰጂልኝ ብለህ ለምነኸኝ አልነበር?"

"ብሎኑ መግቢያ አጥቶ ነዋ እትዬ።"

"መስመሮቹን ስወስድ የራሳቸው ቀዳዳዎች አብረው ሄዱ። የግራውንዶቹ ግን የሁሉም ስለሆኑ ማንንም አይከተሉም፤ በእጅ ካልወሰድካቸው ባሉበት ይቀራሉ። መዛወሩን ማንም አልነገራቸውም። ይኸው አሮጌው ቤት በር ላይ ተሰልፈው እንግዳ ይጠብቃሉ።"

ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። እውነትም በግራ በኩል፣ ምንም መስመር በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ነጥቦች አሉ። በቀኝ በኩል መስመሮቹ ያለ አጃቢ ይወርዳሉ። እኔ እንኳን ገባኝ።

"እሺ፣ ለሚቀጥለው ታስተካክይዋለሽ" አለ አለቃ። "ዛሬን እንዴት እንለፈው?"

"እበሳዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ቦርዱን። ከመስመሮቹ መውረጃ አጠገብ በስቼ፣ ቀጭን ሽቦ አሳልፌ ከላይም ከታችም ከግራውንዱ ጋር እበይደዋለሁ።"

ዕቃ የተበየደበት ቦርድ ያ አንዱ ብቻ ነው። መሰርሰሪያው ትንሽ ቢስት በውስጥ የሚያልፍ መስመር ይቆርጣል፤ ያኔ ግማሹም ፍጥነት የለም።

"ብትስቺስ?" አለ አለቃ።

"ወደ ቻርጀሬ ነዋ።"

ፊቷን አየሁት። ይህን ያለችው እንደ ቀልድ ነው፤ አንገቷ ግን ቀልቷል። አለቃዋ ሰዓቱን አየ፣ ንድፉን አየ፣ እሷን አየ። "ጀምሪ" አለ።

ከግራውንድ በቀር ምንም የማያልፍበትን ነጥብ በንድፉ ላይ ፈልጋ በቦርዱ ላይ በመርፌ ጫረችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ፣ ና ያዝልኝ። የእነዚህ እጅ ይንቀጠቀጣል።"

"የእኔ የማይንቀጠቀጥ መሰለሽ?"

"የአንተን ለምጄዋለሁ።"

ቦርዱን በሁለት እጄ ጠረጴዛው ላይ ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። የእጅ መሰርሰሪያዋን በሁለት ጣቷ ታሽከረክራለች። አረንጓዴ ዱቄት ወጣ፣ ቀጥሎ የመዳብ ብልጭታ፣ እንደገና ዱቄት። አለፈላት። ሽቦውን አስገብታ በየደች። ስትነፍስበት ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ።

"አለቀ?" አለ ሳጥን ሠሪው።

"በወዲያኛውም በኩል ያስፈልጋል። መስመሮቹ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ካጀብክ ሌላው ይቀየማል።"

ሁለተኛውን ስትጀምር ከታች ፍራሽ ሻጩ "ፎቅ ነው ዶክተር፣ ወደ ላይ ይውጡ" ሲል ሰማን። ሳጥን ሠሪው ወጥቶ ደረጃው ላይ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ፍራሽ ጭምር እያወራ በወሬ ያዛት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጠቅሞ አያውቅም። መሰርሰሪያው አለፈ፣ ሽቦው ገባ፣ የመበየጃው ቆርቆሮ ቀለጠ፣ ባለቤቴ መበየጃውን አስቀመጠች፣ በሩ ተከፈተ።

ቦርዱን ሰክታ መብራቱን ራሷ ለቀቀችው። በሙሉ ፍጥነት። ሥዕሉ መጣ፤ የጠረጴዛው እንጨት ከነጭረቱ። ሁላችንም መተልተሉን ጠበቅን። አልተተለተለም። አለቃዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም። ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ እጇን ካሜራው ሥር አደረገች፤ እጇን ሳታይ፣ ስክሪኑን ብቻ እያየች፣ ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ወሰደችው። አንዴ ሳተች። በሁለተኛው ገባ። ክሩን ስባ አሳለፈችና ቀና አለች።

"ይኼ ነው" አለች። "መቼ ትሰጡኛላችሁ?"

ከሄደች በኋላ አለቃዋ ቦርዱን አንሥቶ ማዕዘኑን አገላበጠው። "ወንፊቱ የታለ?"

"ሠርቶ ሳላየው ምልክቴን አላደርግም ብዬ ነው የተውኩት።"

"አየሽው አይደል? እንግዲህ የካሜራው ሥራ ያንቺ ነው" ብሎ እስክሪብቶ ሰጣት። ወንፊቷን በእጇ ሣለችው። ክቡ ክብ አልሆነም።

"ከእንግዲህ ማገናኛ አነሺልኝ አልልም" አለ ሳጥን ሠሪው።

"ትላለህ። አውቅሃለሁ። እኔ ግን አጃቢዎቹን ጥዬ አልሄድም።"

ያን ቀን በእግራችን ነው ወደ ቤት የተመለስነው። መንገዱን ሙሉ አወራችልኝ፦ የትኛው ቀዳዳ ወዴት እንደሚሄድ፣ በሚቀጥለው ንድፍ በየመውረጃው ግራና ቀኝ እንዴት እንደምታቆማቸው፣ ማገናኛ ሲነሣ አብረው እንዲነሡ ከመስመሩ ጋር እንዴት እንደምታስራቸው። በጣቷ አየር ላይ ነጥብ እያደረገች ታሳየኛለች። የቤታችንን በር አልፈን ሄድን። እኔ አይቼዋለሁ፤ አልነገርኳትም።