ከናዳው በፊት የተነሳ ምስል

ሞላሌ ላይ በሚሰጠን የሳተላይት ምስል ሥልጠና ከፊቴ የሚቀመጡ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ጥቁር ሸሚዛቸው ከመታጠብ ብዛት ግራጫ ሆኗል፤ ጢማቸውንም አልተላጩም። ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ፣ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ማውሱን እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ አድርገው ይይዛሉ።

ዛሬ የታዘዝነው የዛሬ ሦስት ዓመቱንና የዘንድሮውን ምስል እያነጻጸርን ናዳ የበላውን መሬት በቀይ እንድንቀባ ነበር። እሳቸው ገደሉንም፣ ወንዙንም፣ የገብስ ማሳውንም ሳይሳሳቱ ለዩ። አንዲት ቦታ ብቻ ሳይቀቡ ተዉ።

አሠልጣኟ ጎንበስ ብላ፣ "ጋሼ፣ እዚህም እኮ ናዳ ነው፤ ምንም አልቀረም" አለቻቸው።

"አውቃለሁ ልጄ።" ወደ አሮጌው ምስል ተመለሱና ከማሳው ዳር ያለችውን ነጭ ነጥብ በጣታቸው ነኩ። "የቤታችን ቆርቆሮ አዲስ ነበር፤ ለዚያ ነው የሚያበራ።"

ሰው ለሻይ ሲወጣ አልተነሱም፤ እኔም ከኋላቸው ቀረሁ። ነጥቧን እያጎሉ፣ እያጎሉ ይሄዳሉ፤ ሲቀርቧት ግን ደብዝዛ ትጠፋባቸዋለች። ያን ጊዜ ምስሉን መልሰው ያርቁትና፣ ነጥቧ ስትመለስ እጃቸውን ከማውሱ ላይ ያነሳሉ።