የባህሩ ጠያቂዎች

ሐኪሟ ለብዙአየሁ የነገረቻት ሁለት ነገር ነበር። አንዱን ይዛ ወጣች፤ ሁለተኛውን ለማንም አልተናገረችም።

የያዘችው ኪኒኑን ነው። ባሏ ባህሩ አልዛይመር እንዳለበት ከታወቀ አራት ወሩ ነው። ሐኪሟ አልደለለቻትም። «መድኃኒቱ በሽታውን አያጠፋውም። ለአንዳንድ ሰው የመርሳቱን ነገር ለጊዜው ያለዝብለታል፤ እናያለን» አለቻት። ቀጥላም «ጸጥታና የለመዱት ፊት ከኪኒኑ ባልተናነሰ ይረዳቸዋል። ሰው አያብዙባቸው፤ ውሏቸውም አንድ ዓይነት ይሁን» አለች።

ለአፍ ይቀላል። በታቦር ሰፈር ግን ታሞ ጠያቂ ያጣ ሰው በቁሙ እንደ ተቀበረ ይቆጠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ጸሎት ኅብረት አሥራ ሁለት ሆኖ ይመጣል፤ በረንዳው በጫማ ይሞላል። ሁሉም ባህሩ ላይ ጎንበስ እያሉ ያንኑ ይጠይቁታል።

«ጋሽ ባህሩ፣ አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?»

በፍቅር ነው። እሱ ግን መልሱ እንደ ጠፋው ተማሪ ፊቱ ይከስላል፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ብዙአየሁ ይህን እያየች ሻይ ትቀዳለች። እንዴት ብላ አትምጡ ትበል? የጨርቅ ሱቋ ጎርፍ በገባበት ዓመት ጣቃውን ሁሉ አጥበው፣ አስጥተው፣ አጣጥፈው የመለሱላት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። እግዚአብሔር በእነሱ እጅ ስንቴ እንደ ደገፋት እሷ ታውቃለች።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጸሎቱ አብቅቶ ዓይኗን ስትገልጥ የባህሩ ወንበር ባዶ ነበር። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ፣ ለጠያቂ በተከፈተው የግቢ በር ወጥቶ ሄዷል።

ወደ መንገዱ ሮጠች። መጀመሪያ የታያት ሰፈሩ ካለበት ዳገት በታች ያለው ሐይቅ ነው፤ «ወደ ሐይቁ!» አለች። ጎረቤቷ ፈትያ ባጃጅ አስቁማ፣ እጇን ይዛ አሳፈረቻት።

«ወደ ሐይቁ አይደለም። እግሩ የለመደውን ነው የሚሄደው» አለች ፈትያ። ባህሩ ሠላሳ ዓመት በዚህ ዳገት ላይ ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። እየጠየቁ ወጡ። ብዙአየሁ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ትላለች፤ ከዚያ ያለፈ ጸሎት አልመጣላትም።

ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ የማያውቁት ሰው ግቢ ውስጥ አገኙት። ቆጣሪው ፊት ቁጢጥ ብሏል። ውሻው ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይታገላል። የቤቱ ባለቤት ዱላ ይዞ ቆሟል።

«ሌባ መስሎኝ ልመታቸው ነበር» አለ ሰውየው።

ባህሩ ቀና ብሎ «ይሄ ቆጣሪ ያንጠባጥባል፤ ለቢሮ ንገሩ» አለ።

«ሰማህ?» አለች ፈትያ። «ሰው ጡረታ ወጥቶ እንኳን በነጻ ያገለግላችኋል፣ እናንተ ዱላ ትመዛላችሁ።»

ሰውየው ሳቀ። ብዙአየሁ ግን ዓይኗን ከዱላው ላይ መንቀል አቃታት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲደርስ ሴቶቹን ገና ሳይቃረቡ ወጥታ መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው። ከፊት የምትመጣው የኅብረቱ መሪ ከበቡሽ ነበረች።

«ምነው እህቴ፣ ልትወጪ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ዛሬ አትግቡ ልላችሁ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«ልንጸልይለት መጥተን ከመንገድ ትመልሺናለሽ?» አለች ከበቡሽ። «እምነትሽ ደከመ ወይስ እኛ አስቀየምንሽ?»

«ጸሎታችሁንማ ብጠላ አፌ ይዘጋ። ስትበዙ ግን ይፈራል፤ ስትጠይቁት ያፍራል፤ ሲጨንቀው ይወጣል። ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የደበቅኋችሁ። ያን ቀን ሊያስገድለው የነበረው የኔ ይሉኝታ ነው።»

ከበቡሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። ብዙአየሁ ቤቷ ገባች። በገዛ አፏ ወገኗን ያባረረች መሰላት፤ ከእንግዲህ እሷ ብትወድቅ ባህሩን ማን ያየዋል?

ማክሰኞ ጠዋት ከበቡሽ ብቻዋን መጣች። ፊቷ ገና አልተፈታም።

«ተራ አውጥተናል» አለች። «በቀን አንድ ሰው፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ጸሎቱን በየቤታችን እናደርሳለን። አንቺ ሱቅሽን ክፈቺ። በይ፣ ምን እንደማደርግ ንገሪኝ።»

ብዙአየሁ ነገረቻት፦ ስሟን ቀድማ ትንገረው፤ አታስታውስም ወይ አትበለው፤ መሄድ ካማረው ግቢው ውስጥ አብራው ትመላለስ፤ የብዙአየሁ ስልክ ቁጥር በኮቱ ገበር ላይ ተሰፍቷል። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ሰባት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ» አለች ከበቡሽ። «ሂጂ።»

ሄደች። እስከ አስፋልቱ ወርዳ ልቧ አልችል ቢላት ተመለሰችና በመስኮት አየች። ከበቡሽ ብርቱካን እየላጠች ነው። ባህሩ ማን እንደሆነች እንዳላወቃት ያስታውቃል። ግን ተረጋግቶ ተቀምጧል፤ ስትሰጠው ተቀብሎ ይበላል።

ብዙአየሁ «ጌታ ሆይ ተመስገን» አለች። ከዚያም ፍርሃቷ ሳይለቃት፣ ወደ ሱቋ ወረደች።