ከእማ የተለቀሙ ቃላት

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁሉም «ለቃሚዋ» ነው የሚላት። ነገሩ የተጀመረው የእርሳስ ፊደል ከመሳቢያ አንድ በአንድ እየተለቀመ በሚደረደርበት ዘመን ነው። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጣቷ ፈጣን፣ ዓይኗ ስህተት የማያመልጠው። በኋላ ኮምፒውተር መጣ፣ መሳቢያዎቹም ከነፊደላቸው በኪሎ ተሸጡ፤ ስሙ ግን እሷ ላይ ቀረ። የፈተና ወረቀት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ የመድኃኒት ስም፣ ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስትለቅም ትውላለች።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነበር፤ ከአንድ ጎሚስታ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ። የጎማ መንፊያው ሞተር ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንጫጫሉ። እናትየው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ነገር ግን አንደበቷ ሲጣፍጥ ለጉድ ነው። ስለ ሳሙና እጥረት ስታወራ እንኳ ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጣታል።

ልጅቱ ግጥም ትወድ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆናት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የሚሰበሰቡ የግጥም ወዳጆች እንዳሉ ሰምታ ሄደች። ክበቡን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ነበሩ። የመጀመሪያ ግጥሟን አነበበችላቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ስሜት አለሽ። ቃል ግን የለሽም። ሃያ ቃል ይዘሽ ነው የምትዞሪው። ሂጂና ቃል ፈልጊ። ጆሮ ላይ የሚጥም፣ ሰው የዘነጋው ቃል። በሳምንት አሥር አምጪልኝ።»

አኮረፈች። ሰኞ ዕለት ግን ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛች። መጀመሪያ ከመዝገበ ቃላት ላይ ገለበጠች፤ ቃላቱ ግን ወረቀት ወረቀት አሉባት። አንድ ቀን እናቷ ከሥራ ገብታ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ «ኧረ ዛሬስ ቆፈን ጨረሰኝ፤ ቁልፌን እንኳ መፍታት አቃተኝ» አለች።

«ምን አልሽ እማ? ምን ጨረሰኝ?»

«ቆፈን ነዋ! ጣት በብርድ ሲደነዝዝ። አንቺ ደግሞ፣ ከየት መጣሽ?»

ልጅቱ ደብተሯን ልታመጣ ሮጠች። የእናቷን ካፖርት ቁልፍ መፍታት ትዝ አላላትም።

ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላቱን የነካው የለም። ለሆሳስ ከእማ መጣ፤ ወዘና ከእማ መጣ፤ ሰመመን፣ ውልብታ፣ እፍታ፣ ሁሉም ከእማ። እናትየው ምግብ እየሠራች፣ እግሯን እየታጠበች፣ ጎረቤት እያማች ታወራለች፤ ልጅቱ እርሳስ ይዛ ታደባለች። መጀመሪያ ላይ እናቷም ደስ ብሏት ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብላ አንድ ቃል ጣል ታደርግና በዓይኗ ጥግ ልጇን ታያታለች። እየዋለ እያደረ ግን ሰለቻት።

«ከአንቺ ጋር ማውራት እኮ ፖሊስ ጣቢያ መቅረብ ሆነ» አለቻት አንድ ቀን። «አፌን በከፈትኩ ቁጥር ቃሌን ትቀበይኛለሽ።»

ሁለቱም ሳቁ።

ልጅቱ «የዓይኖችህ ቆፈን» የሚል ስንኝ ያለበት የፍቅር ግጥም ስትጽፍ ደግሞ እናትየው ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው። «ዓይንን ቆፈን ይዞት ያውቃል? ቆፈን የሚይዘው ጣትን ነው! ይሄንን ሰው ፊት ልታነቢው ነው? ኧረ አታሰድቢኝ!» አነበበችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ መምህሩም «አሁን ቃል አገኘሽ» አሏት።

አሁን የምነግራችሁ የአንድ እሑድ ነገር ነው። እናትና ልጅ አንሶላ ያጥፋሉ፤ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ይዘው፣ እየተቃረቡ እየተራራቁ። እናትየው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ያን ቀንም እንዲሁ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። አንቺ ገና አልተወለድሽም። ወጋገኑ በመስኮት ብቅ ሲል ነርሷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን ገና ሳየው…»

«ቆይ ቆይ እማ! ምን ብቅ ሲል?»

የያዘችውን ጫፍ ለቀቀችው፤ አንሶላው መሬት ላይ ተዘረጋ። ደብተሯን ይዛ ተመለሰች።

«ወጋገን። ከጎህ ይለያል?»

እናትየው ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ጎህ ሳይቀድ፣ ሰማዩ ዳር ዳሩን ነጣ ሲል ነው» አለች።

ልጅቱ ጻፈች። ከዚያ እርሳሷን እንደያዘች ቀና ብላ፣ «እሺ፣ ቀጥይ» አለቻት።

እናትየው እርሳሱን አየችው። ጎንበስ ብላ አንሶላውን አነሳች፤ አቧራውን አራገፈች። «ተይው፣ ረጅም ነው» አለች።

ልጅቱም ተወችው። ወጋገን ያለበት ግጥሟ በዚያው ወር ጋዜጣ ላይ ወጣ። እናቷ ጋዜጣውን ገልብጣ ገልብጣ አይታ፣ «ያምራል» ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ማንበብ አትችልም ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሄደ። ልጅቱ አላገባችም። አንድ ሰው ነበር፤ ስታወሪ ስሰማሽ ንግግር የምታደርጊ ይመስለኛል ብሏት ቀረ። መምህሩ ሞቱ፤ ክበቡ ቀጠለ። ደብተሮቹ አሥራ አራት ደረሱ። እናትየው ጡረታ ወጥታ በመስኮቱ በኩል የጎሚስታውን ደንበኞች እየተመለከተች ትውላለች።

በመጀመሪያ የጠፋት ቃል «ማንኪያ» ነበር። «ያንን… ያንን የሚያነሳውን አቀብይኝ» አለች፤ ሁለቱም እንደ ቀልድ ሳቁበት። ቀጥሎ «ትራስ» ጠፋ። ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ የወራት ስም። ሐኪሙ የአንጎሏን ፎቶ ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ፣ ጭንቅላት ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች እየተደፈኑ ነው፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም አለ።

ልጅቱ መላ ያገኘች መሰላት። ከእናቷ የወሰደችውን ለእናቷ ልትመልስ አሰበች። ከሥራ ስትመለስ አጠገቧ ተቀምጣ ከደብተሩ ታነብላታለች።

«እማ፣ ለሆሳስ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። የሰው ስም ነው?»

«ወዘናስ?»

እናትየው ግራ ተጋብታ ልብሷን ጎተት ጎተት አደረገች። «አንቺ ታውቂያለሽ። የተማርሽ ነሽ።»

ልጅቱ ደብተሩን ዘግታ ጓዳ ገባች። ውሃ ከፍታ፣ ድምጿ እንዳይሰማ፣ አለቀሰች።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ ጀርባ ስትገባ፣ እናትየው ትነሳና በሩ ላይ ትቆማለች።

«ልጁን አመጡት?»

«የቱን ልጅ እማ?»

«ልጁን ነዋ። ጠቅልለው የወሰዱትን።»

የጎረቤት ልጅ መሰላት፤ ቅዠት መሰላት። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ያው ሆነ። በአራተኛው ቀን እናትየው እጇን ጨምድዳ ያዘቻት። «ልጄን አምጡልኝ። የመጀመሪያዬን።»

«የመጀመሪያሽ እኔ ነኝ እኮ እማ። እኔ ብቻ ነኝ።»

እናትየው ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንቺ ማነሽ?»

ያን ጊዜ ነው አንሶላው ትዝ ያላት። መሬት ላይ የተዘረጋው አንሶላ፣ በሩ ላይ የቆመችው ነርስ። አሥራ አራቱን ደብተር ከሳጥን አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸው። አራተኛው ደብተር ላይ አገኘችው፤ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፦ «ወጋገን፤ ጎህ ከመቅደዱ በፊት በሰማይ ዳር የሚታይ ነጣ ያለ ብርሃን። ከእማ። ለጠዋት ግጥም ይሆናል።» ሌላ ምንም የለም። ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላ ገለጠች። «ሳግ፤ ለቅሶ ጉሮሮ ላይ ሲተናነቅ። ከእማ።» እማ ስለ ሳግ ምን ብላት ነበር? ማን ነበር ሳግ የያዘው? መቼ? «ሰመመን፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል። ከእማ።» ከስድስት መቶ በላይ ቃል ቆጠረች። እናቷ የተናገረችው አንድም ነገር ደብተሩ ውስጥ አልነበረም።

ከእናቷ የሥራ ባልደረቦች በሕይወት ያሉት አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ የልብስ ተኩስ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩ። ከተማው ዳር፣ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ልጅቱ ፈቃድ ወስዳ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ሄደች። ነገሩን ፈራ ተባ እያለች ጠየቀቻቸው።

«አልነገረችሽም እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«አልነገረችኝም፣ እትዬ።»

«እኔን! ወንድ ልጅ ነበረ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የኖረው። ሳንባው አልጠናለትም። እዚያው ሆስፒታል ላይኛው ፎቅ ተኝቶ፣ እሷ ታች አንሶላ ታጥባለች። አለቃው ፈቃድ ከለከላት። ሲሞትም አጠገቡ አልነበረችም፤ ነርሷ ናት መጥታ የነገረቻት። እሷው ባጠበችው አንሶላ ጠቀለሉት።»

«የት ተቀበረ?»

«ሆስፒታሉ ነው የወሰደው። የት እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

«ስሙስ?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «ስም ነበረው። አንድ ሁለቴ ስትጠራው ሰምቻለሁ። ግን እንጃ፣ ጠፋብኝ ልጄ።» ሻይ ቀድተውላት ቀጠሉ። «‹ልጄ አዋቂ ስትሆን እነግራታለሁ› ትል ነበር ሁልጊዜ። አንድ ሰኞ ‹ነገርሻት?› ብዬ ጠየቅኳት። ‹ትናንት ጀምሬላት ነበር› አለችኝ። ‹ታዲያስ?› ስላት፣ ‹ቃሉን ወደደችው› አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። አንቺ ይገባሻል?»

ልጅቱ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካው ተነስታ ወጣች።

ቤት ገብታ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «እማ፣ ስሙ ማን ነበር? የልጁ፣ የወንድሜ ስም?» እናትየው አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ግንባሯ ተጨማደደ፤ በሙሉ ኃይሏ እየፈለገች እንደሆነ ያስታውቃል። «ያ… ያ…» አለች። ልጅቱ ጆሮዋን አስጠጋች። «ያ…» አለች እናትየው፤ ከዚያ ፊቷ ልቅቅ አለ። «ውሃ» አለች።

ውሃ አመጣችላት። በማግስቱም ጠየቀቻት፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠየቀቻት፤ እናትየው ማልቀስ ስትጀምር መጠየቁን ተወችው።

ስለ ወንድሟ ልትጽፍ ሞከረች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አድርጋ፣ ደብተሮቹን ዙሪያዋን ደርድራ ተቀመጠች። ውብ ያልሆነ ቃል አልነበራትም። ሁሉም ለሌላ ሰው ሠርግ የተሰፉ ልብሶች ሆኑባት፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ለኖረ ሕፃን የሚሆን አንድም አልተገኘም። «ልጁ ሞተ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በላይ እጇ አልሄደም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮም ክበቡን አቆመች፤ ስልክ ሲደውሉላት «እናቴን አሞብኝ» እያለች ዘጋችባቸው።

እናትየው አምስት ወር ቆየች። መጨረሻ ላይ የቀራት «እህ» የምትል ድምፅ ብቻ ነበረች፤ ለረሃቡም ለሕመሙም ያቺው ናት። አንድ ረቡዕ ጠዋት ልጇ ገንፎ ልታጎርሳት ስትል አፏን ሳትከፍት ቀረች።

የመርዶውን ወረቀት የለቀመችው ልጅቱ ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገችም። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከኋላዋ ቆመው አነበቡ።

«‹የሁለት ልጆች እናት› ይላል። አንቺ ብቻ አይደለሽም እንዴ?»

«ሁለት ነን፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ የእህትሽን ወይ የወንድምሽን ስም አላስገባሽም።»

የኮምፒውተሩ ጠቋሚ መስመሩ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ቆየ። «አላውቀውም» አለች። ሰውየው ትከሻዋን ነካ አድርገው ሄዱ። ሐዘን ያናገራት መስሏቸዋል።

ከአርባ ቀን በኋላ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሄደች። በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር። የእናትየውን ስም ጻፈ።

«የሕፃኑስ ስም?»

«አላውቅም።»

«ዓመተ ምሕረቱ?»

«ከእኔ በፊት ነው።»

«በስንት ዓመት?»

«አላውቅም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቢሆንም ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ መሳቢያ ሲስብ፣ ክምር ሲያገላብጥ ይሰማታል። እጁን እየጠረገ ተመለሰ። «እህቴ፣ የዚያን ዘመን መዝገብ ውሃ ገብቶበት ተጥሏል። የሕፃናቱ ደግሞ ለብቻ አይያዝም ነበር። ሰው የነገረሽ ሌላ ነገር የለም? ትንሽም ብትሆን?»

«ወንድ ነበረ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የኖረው። ሌላ የለም» አለች።

አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። የሌሎች ሰዎች ተራ ሲጠራ፣ ሰዎች ሲነሱ ሲቀመጡ ታያለች። ዘበኛው መጥቶ ለምሳ ሊዘጋ እንደሆነ ሲነግራት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፤ አንዴ ሌላ ቢሮ ልከዋት፣ አንዴ ማንም ሳይልካት። መልሱ ያው ነው።